ያልሰማሁትን መልስ ይዤ ወደ አስታ ሜዳ

እሑድ

ወንድሜ ይግዛው ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልኝ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። በእኛ ከሰዓት በኋላ ሲሆን እሱ ባለበት በካናዳ ገና ሊነጋ ነው። እኔ ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ እያተምሁ ነበር። ማሽኑ በየአሥር ገጹ ወረቀት ይነክሳል።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለኝ።

«ከማሽን አፍ ወረቀት እየጎተትሁ።»

«እኔም ዓርብ ቀኑን ሙሉ ከመኪና ሆድ ውስጥ የተሰበረ ብሎን ስጎትት ነበር። አንድ ሥራ ነዋ የምንሠራው!» ብሎ ሳቀ።

ይግዛው በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ጎንደር ጋራዥ ይሠራ ነበር። ከዚያ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ፤ ካርቱም ብዙ ዓመት መኪና ሲጠግን ቆየ፤ ኋላ ካናዳ ተቀበለችው። እዚያ ወታደር ሆነ። ወታደር ሲባል ሰው ወዲያው ጠመንጃ ያስባል። የእሱ ሥራ ግን የጦሩን መኪና መጠገን ነው። ቀኑን የሚያሳልፈው ከመኪና ሥር ተኝቶ ነው።

አባታችን አያ ፈንታ ከአምባ ጊዮርጊስ አራት ሰዓት በእግር በሚያስኬደው በአስታ ሜዳ ይኖራል። ገበሬ ነው። በወጣትነቱ የቀበሌ ጥበቃ ስለ ነበር የጥበቃ ወሬ ይወዳል፤ ሬዲዮ አያመልጠውም። ቅዳሜ ቅዳሜ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሲወጣ ይደውልልኝና ለይግዛው አንድ ጥያቄ ይልካል። ስለ ጤናው አይጠይቅም። ስለ ካናዳ ነው የሚጠይቀው። ይግዛው እሑድ መልሱን በድምፅ ቀርጾ ይልክልኛል፤ እኔ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለአባቴ እደውልና ሁለት ስልክ አፍ ለአፍ ገጥሜ አሰማዋለሁ። የአባቴ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ሌላ መንገድ የለንም።

በዚያ ሳምንት አባቴ ካናዳ ለመከላከያዋ ገንዘብ ልትጨምር እንደ ሆነ፣ መሪዎቿም በዚህ እንደሚከራከሩ በሬዲዮ ሰምቷል። ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ያን የሚያህል አገር በዚያ በጥቂት ሰው እስከ ዛሬ እንዴት ተጠበቀ? መሪዎቹስ እስከ ዛሬ የት ነበሩ? ልጄን ብቻውን አቁመውት እንዳይሆን ጠይቅልኝ።»

«የዚህስ መልስ ረዘመብኝ» አለ ይግዛው። «ላክሁልህ። መጀመሪያ አንተ ስማው። ሳትሰማው እንዳታሳልፍ።»

ስልኬን አየሁ። አራት ደቂቃ ይላል። ተማሪዋ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። «እሺ፣ አደርሳለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ማታ እሰማዋለሁ ብዬ ነበር። ማታ ደክሞኝ ተኛሁ። ሰኞ ሥራ በዛ። ማክሰኞም እንዲሁ።

ረቡዕ ከውጭ አገር ቁጥር ተደወለ። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ቀስ እያለ ተናገረ። ቀጥላ አንዲት ሴት በአማርኛ፣ «እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ የሚያነጋግሩህ የወንድምህ አዛዥ ናቸው» አለችኝ። ይግዛው ሰኞ ማታ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱ በረዶ ነበር። መኪናው ተንሸራተተ። ሌላ የተጎዳ ሰው የለም። ያጠፋ ሰውም የለም። ሰውየው ይህን ነግሮኝ አልዘጋም። እስክናገር ጠበቀኝ። ስልኩ ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

ምን እላለሁ? «እሺ» አልሁ።

ዓርብ

የእናቴ ወንድም መሪጌታ አዱኛ ጎንደር ካሉት ደብሮች በአንዱ ያገለግላል። እናታችን ካረፈች ወዲህ እኔን የሚመክረኝም የሚቆጣኝም እሱ ነው። ነገሩን እንደ ነገርሁት አለቀሰ፤ ፊቱን ታጠበ፤ ከዚያ «ለአባትህ በስልክ አይነገርም» አለ።

መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ለማያውቅ ልጻፈው። መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውየው ወደ ሥራው ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ደጁ ላይ ቆመው ነው። እስከዚያ የሚያውቅ ሁሉ ፊቱን ይጠብቃል። ቀድሞ ማልቀስ ነውር ነው። ስለዚህ አጎቴ መንገዱን እንዲህ አሰበው፦ ዓርብ አምባ ጊዮርጊስ እናድራለን፤ ቅዳሜ አስታ ሜዳ ደርሰን በመንደሩ ቄስ በቄስ ሞላ ቤት ሰው ሳያየን እናድራለን፤ እሑድ ሲነጋ ከሽማግሌዎቹ ጋር አባቴ ደጅ እንቆማለን። ለቄስ ሞላ በሰው መልእክት ልኮላቸዋል።

ጠዋት ጥቁር ጃኬት ለብሼ መጣሁ። «ይኸ ጃኬት አፍ አለው። አውልቀው» አለኝ አጎቴ። ይግዛው ከካናዳ የላከልኝን ሰማያዊውን ለበስሁ። በቦርሳዬ ሁለት ነገር ይዣለሁ፤ ይግዛው በወታደር ልብስ የተነሣውን ፎቶግራፍና በጋራዥ ዘመኑ ይሠራበት የነበረውን የጎማ መፍቻ። ለለቅሶ የሟቹ ዕቃ ይወጣል። ጎንደር የቀረው ዕቃው ያ ብረት ብቻ ነው።

መናኸሪያ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ሰው ዕቃው ላይ ተቀመጠ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየን፤ ከዚያ ተከፍቷል ሲሉ ሁሉም ተነሥቶ ሚኒባስ ውስጥ ተጋፋ። ይግዛው እዚያ አገር መንገድ የሚዘጋው በረዶ ሲጥል ነው፣ እሱንም በሬዲዮ አስቀድመው ይናገራሉ ብሎኝ ነበር። ያኔ ቀንቼ ነበር። ወሩ ጥር ነው፤ የሠርግ መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፉናል፤ ተሳፋሪው ያጨበጭባል። አጎቴም ፊቱን ጠብቆ ሁለቴ አጨበጨበ።

ኮሶዬ ዳገት ላይ ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገው።

«መፍቻዬን ለጓደኛዬ አውሼው ወደ ሳንጃ ከተማ ይዞት ሄዷል» አለ።

«ሹፌር ሆነህ መፍቻ ታውሳለህ?» አለች ከኋላ የተቀመጠች ሴት። «ሚስትህንስ ለማን አውሰህ መጣህ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ብርዱ ግን ያስቅ አልነበረም። ቦርሳዬን ከፍቼ የይግዛውን መፍቻ ሰጠሁት። ሹፌሩ በእጁ መዘነው።

«እንዲህ ያለ ብረት ዛሬ የት ይገኛል! ሽጥልኝ።»

«አይሸጥም። የወንድሜ ነው።»

«ወንድምህ የት ነው?»

አጎቴ ከኋላዬ «ካናዳ ነው» አለ።

«እንግዲያ ምን ያደርግለታል? እዚያ ጎማውን የሚቀይረው መንግሥት ነው» አለና ብሎኖቹን ይፈታ ጀመር። አጎቴ ወደ ገደሉ ዞሮ ነጠላውን አስተካከለ። ለረጅም ጊዜ አስተካከለ።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ፀሐይ ገብታለች። ያደርነው እትዬ ጥሩዬ የምትባል ሴት ዘንድ ነው። ሁለት አልጋ ያላት ትንሽ ማረፊያ አላት። ለአጎቴ እግር ውኃ አሙቃ አመጣች፤ ሽሮ በትኩስ እንጀራ አቀረበች፤ ለእኔ ጋቢ ደረበችልኝ። ማራኪ የተከራየኋት ክፍል አከራይ ስሜን እንኳ በደንብ አይዝም። ይቺ ሴት ግን ሁለት ጉርሻ ስጎርስ አየችኝና፣ «ይኸ ልጅ ምግቡን የሚውጠው እንደ መድኃኒት ነው። ምነው መሪጌታ? ማን ነው?» አለች።

አጎቴ ነገራት። አልጮኸችም። የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ከዚያ፣

«ነገኮ ገበያ ነው» አለች። «አያ ፈንታ ቅዳሜ ቅዳሜ አህያውን የሚያስረው እዚሁ እኔ ደጅ ነው። እንዴት ልታደርጉ ነው?»

እኔና አጎቴ ተያየን። ጥያቄዎቹ ሁሉ የሚመጡት ከዚህ ገበያ ነው። ለስንት ዓመት በየቅዳሜው ስልኩን አንስቻለሁ። ሁለታችንም ረሳነው።

ቅዳሜ

እትዬ ጥሩዬ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰችን፤ ድፎ ቆርሳ በፌስታል ሰጠችን። አባቴ ሳይመጣ ከከተማው ወጥተን በሌላ መንገድ ልንዞር ነው። ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። በጎንደር እንዲህ ያለ ውርጭ አይታይም። ይግዛው የሚያወራው በረዶ ይህን ይመስል ይሆን ብዬ በጫማዬ ጫፍ ጫር አደረግሁት። ወዲያው ጠፋ። ይህ መኪና የሚጥል አይመስልም።

ከከተማው ዳር የገብስ ጭነት የያዘች አህያ ብቅ አለች። ከኋላዋ አባቴ፤ ለካ በሌሊት ተነሥቶ ኖሯል።

«ደሴ? አንተ ነህ? መሪጌታም! እሰይ፣ ዛሬስ ሸጋ ቀን ነው!»

አገላብጦ ሳመኝ። «ከተማ አክስቶሃል፤ ወረቀት ነው እንዴ የሚያበሉህ?» አለኝ። ከዚያ ገበያውን ተወው። አህያዋን ወደ እትዬ ጥሩዬ ቤት መልሶ ገብሱን አራገፈ። ልጄና አማቼ መጥተው ገብስ ስሸጥ ልዋል? አለ። እትዬ ጥሩዬ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷን እንዴት እንደምትጠብቅ እያየሁ ፈራሁላት።

«አያ ፈንታ እንግዳ ሲያገኝ ገብሱን ይጥልብኛል!» አለች። «ብቀቅለውስ?»

«ቀቅለሽ ብትበዪው ጥርስሽን ያግዘው!»

ሳቀች። እኛ ስንዞር ግን ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ውስጥ ገባች።

አስታ ሜዳ ድረስ አራት ሰዓት አብረን ሄድን። ገና የመጀመሪያውን ዳገት ሳንጨርስ አባቴ፣

«እህስ፣ ጥያቄዬ?» አለ።

«መልሶታል» አልሁ። ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

«ምን አለ?»

«ልጁ ይረፍ እንጂ» አለ አጎቴ። «ዳገት ላይ የጦር ወሬ አይወራም።»

«ዳገት ላይ ካልተወራ የት ሊወራ ነው? ሜዳ ላይማ ጦሩ ያይሃል!»

ያልሰማሁትን መልስ መናገር ነበረብኝ። ይግዛው በፊት በፊት ከነገረኝ እየለቀምሁ ጀመርሁ። አገሪቱን በሦስት በኩል ባሕር ከቧታል፤ በሰሜን ያለው በረዶ ነው፤ በየብስ የሚያዋስናት አንድ ትልቅ ጎረቤት ነው። እስከ ዛሬ የጠበቋት ባሕሩና በረዶው፣ የጎረቤቱም ወዳጅነት ነው አልሁት።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለ አባቴ። «በረዶውም እየቀለጠ ነው አሉ፤ ጎረቤቱም ፊቱን አዞረባቸው አሉ። የጠየቅሁት ከዚህ ወዲያ ያለውን ነው። መሪዎቹስ?»

«አሁን ነቅተዋል ይላል።»

«መንቃትና መነሣት አንድ ነው እንዴ? እኔ ስንት ጠዋት ነቅቼ ጋቢዬን ስቤ ተኝቻለሁ!» አለና ሳቀ። ቀጥሎ የተናገረውን አልረሳውም። «ግን አልፈርድባቸውም። እኔ ጥበቃ ሳለሁ ሌባ ባልመጣበት ዓመት ሰዉ፣ ‹ይህ ሰውዬ ምን ሠራ ብለን ነው የምናዋጣለት?› ይለኝ ነበር። ሌባ የመጣ ዕለት ደግሞ፣ ‹የት ነበርህ?› አሉኝ። ሰላም በለመደ አገር ለጦር አዋጡ የሚል መሪ ማን ይወደዋል? ልመረጥ ያለ ሰው ሌላ ሌላውን ያወራል። ሰው ነው። ይልቅ የሚያሳዝኑኝ በጥቂት ቁጥር የሚቆሙት ናቸው።»

አጎቴ ዳዊቱን አውጥቶ እየሄደ ማንበብ ጀመረ። እንዳይናገር ነው።

«ሰው አንሷቸዋል ብሎኛል ይግዛው» አለ አባቴ። «ወጣቱ መግባት አይወድም፤ የገባውም ቶሎ ይወጣል። እኔ አምና ‹ና፣ ተመለስ፣ ሚስት አግባ› ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነው የተውሁት። ሰው ያነሰውን ቤት ጥለህ ውጣ ይባላል?»

ልነግረው ፈለግሁ። እዚያው መንገድ ላይ። አጎቴ ከዳዊቱ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። ለአህያዋ መንገድ እየከፈትሁ ቀድሜ ሄድሁ።

በቄስ ሞላ ቤት የማደሩ ነገር ቀረ። አባቴ ቤት ገባን። ቤቱን ከጎንደር ቤቶች ጋር ሳስተያየው ጠባብ ነው፤ ግን ወንበር የሚለቅልህ ሰው አለበት። አባቴ ገና ሳይቀመጥ ከበረት አንድ ሙክት ጎትቶ ደጁ ላይ አሰረ። ለእኛ ሊያርድ ነው። አጎቴ ግራ ገባው። እምቢ ቢል ይጠረጠራል፤ እሺ ቢል መርዶ ይዞ የመጣበትን ሰው ሙክት ሊበላ ነው።

«ለነገ ይቆይ» አለ በመጨረሻ። «ቄስ ሞላም ይጠሩ፣ ሰዎቹም ይጠሩ። አብረን እንበላዋለን።»

«ይኸ ደግ ነገር ነው» አለ አባቴ። «ይጠሩ።»

ለእራት ቆሎና ጠላ ቀረበልን። ሙክቱ ደጅ ታስሮ አደረ።

እሑድ

ጎሕ ሲቀድ መጡ። ቄስ ሞላና አምስት ሽማግሌዎች። ዱላቸውን ተደግፈው ደጁ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። አየና ፊቱ በራ።

«ምነው፣ ሙክቱ ገና ሳይታረድ ሽታው ቀድሞ ደረሳችሁ እንዴ?» አለ።

የሳቀ የለም። እንደምን አደርህ ያለውም የለም። አባቴ በየተራ ፊታቸውን አየ። ከዚያ ሙክቱን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ የለበስሁትን ሰማያዊ ጃኬት ለረጅም ጊዜ አየው።

«አያ ፈንታ፣ ተቀመጥ» አሉ ቄስ ሞላ።

«አልቀመጥም። ይግዛው ነው?»

«እግዚአብሔር ያጽናህ።»

አጎቴ ደግፎ ያዘው። አባቴ አልጮኸም። መጀመሪያ የጠየቀው፣ «ጦርነት ነው?» ብሎ ነው።

«አይደለም» አልሁ። «አዛዡ ደውሎ ነገረኝ፤ ከሥራ ሲመለስ፣ በረዶ መንገድ ላይ። መኪናው ተንሸራተተ።»

«የሰው እጅ የለበትም?»

«የለበትም።»

«እንግዲያ የምጣላው የለኝም» አለና እዚያው ደጁ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው። እኔም ያን ጊዜ አለቀስሁ። ከረቡዕ ጀምሮ ይዤው ነበር። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከየመንደሩ መጣ። ሜዳው ላይ ነጭ ነጠላ ተነጥፎ የይግዛው ፎቶግራፍና መፍቻው ተቀመጡበት። ከሩቅ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነጠላውን አይተው፣ «ወታደር ነበር አላላችሁም? ጠመንጃው የታለ?» አሉ። ከሰው መሐል አንዱ ሊመልስላቸው ሲል አባቴ ተነሣና መፍቻውን ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ይኸ ነው» አለ። «ልጄ አገር የጠበቀው በዚህ ነው።»

ሙክቱን ያየ የለም። አንዱ ጎረቤት ፈትቶ ወደ በረቱ መለሰው። ምግቡን ጎረቤቶች ናቸው ያመጡት፤ እንዲያውም አጎቴንና እኔን እየተሻሙ አበሉን። በጎንደር ለቅሶ ቤት ወንበርና ድንኳን እድሩ ያመጣል፤ እዚህ እያንዳንዱ በጉልበቱ እንጨት ተሸክሞ፣ ውኃ ቀድቶ ይመጣል።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ አባቴ ጠራኝ።

«መልሱን አምጣው።»

ያን ጊዜ እውነቱን ነገርሁት። እንዳልሰማሁት፣ በመንገድ ላይ የነገርሁት ከራሴ የለቃቀምሁት እንደ ነበር። ይቆጣኛል ብዬ ነበር።

«አውቄ ነበር» አለ። «ይግዛው እንዲያ አያሳጥርም። አምጣው፣ አብረን እንስማው።»

ስልኩን ጉልበታችን መሐል አደረግሁት። አጎቴም ቀረበ። የይግዛው ድምፅ ወጣ። አባቴ ጠጋ ለማለት እጁን መሬት ላይ ተከለ። ያለውን እንደ ቃሉ እጽፈዋለሁ።

«አባ፣ ጥያቄህን ሰማሁ፤ ሳቅሁም። እዚህ ያሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁትን ነው የጠየቅኸኝ። እውነቱን ልንገርህ። አገሩ ሰፊ ነው፣ እኛ ጥቂቶች ነን፤ አንዳንዱ መኪና በዕድሜ ይበልጠኛል። መሪ ይመጣል፣ እጨምራለሁ ይላል፤ ጨመረ እንበል፣ ገንዘቡ ዕቃ እስኪሆን፣ ዕቃውም እኔ ዘንድ እስኪደርስ ግን የተናገረው ሰው ሄዷል፤ ሌላ ተተክቷል። አዲሱም ከሀ ይጀምራል። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ አባ። ክፉ ቀን ስላላዩ ነው። አሁን ግን የፈሩ ይመስለኛል፤ ሲፈሩ ደግሞ መሥራት ያውቃሉ። እኔ ስለ እነሱ ብዙ አላስብም። ጠዋት ገብቼ አንድ ሞተር እከፍታለሁ፤ ማታ ዘግቼው እወጣለሁ። ጎንደርም ሳለሁ እንዲሁ ነበርሁ፤ የከፈትሁትን ሳልዘጋ አልወጣም። ዓርብ ብቻ አንዱን ክፍቱን ትቼ ወጣሁ፤ ዕቃው አልደረሰም። ሰኞ ይመጣል ብለውኛል። ብቻዬን አቁመውኝ እንዳይሆን ላልኸው፣ ብቻዬን አይደለሁም። አጠገቤ አምስት ሰዎች አሉ። አዛዣችን ራሱ እጁ ቅባት ነው። ስለዚህ አትስጋ። ደሴ ይህን ሳይሰማ እንዳያሳልፍልህ፤ እሱም ምክር ያስፈልገዋል፤ ፎቶ ኮፒ ብቻ እያለ…» እዚህ ላይ ሳቀና ዘጋው።

ሁለተኛ ሰማነው። ከዚያ፣

«ሰኞ ዕቃው ደርሶለት ይሆን?» አለ አባቴ።

«አላውቅም፣ አባ።»

«ሰው አንሷቸው ነበር። አንድ ደግሞ ቀነሰባቸው።» መፍቻውን አንስቶ ከጋቢው ጫፍ ጋር ይዞት ቆየ። «የደወለልህ ይኸ እጁ ቅባት ነው ያለው አዛዥ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ራሱ ነው የደወለው? በሰው አላስነገረም?»

«ራሱ ነው። እስክናገር ጠበቀኝ።»

«እንግዲያ እሱም ሐዘንተኛ ነው» አለ አባቴ። «እነዚያ አምስቱም ሐዘንተኞች ናቸው። እዚህ ሰው ሁሉ ተራራ ወጥቶ ወርዶ እኔን ለቅሶ ደረሰኝ። እነሱንስ ማን ደረሳቸው? እኔ ልሄድ አልችልም። ድምፄን ትልክልኛለህ?»

አጎቴ በአድናቆት አየው። የሐዘን ቤት ሰው ሌላውን ሲያጽናና አላየሁም ነበር አለኝ በኋላ። ስልኩን አስይዤው ቀረጽሁት። ከዚያ ተጋደመ።

ሰኞ

በማግሥቱ ጠዋት ማልጄ ተነሣሁ። አስታ ሜዳ ላይ ስልክ የሚይዘው ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ጫፍ ነው። ብቻዬን ወጣሁ። ውርጩ ከቅዳሜው የባሰ ነበር፤ ሣሩ ከእግሬ ሥር ይሰበራል። ሁለት ጊዜ ተንሸራተትሁ። ሁለቱንም ጊዜ ቆም ብዬ ቁልቁል አየሁ።

ጫፉ ላይ ደርሼ አዛዡ የደወለበትን ቁጥር አወጣሁ። ከትምህርት ቤት በቀረችኝ እንግሊዝኛ፣ ይህ የይግዛው አባት ድምፅ ነው፣ አስተርጓሚዋ ትንገራችሁ ብዬ ጻፍሁ። ልክ መሆኑን አላውቅም። ከዚያ ከመላኬ በፊት የአባቴን ድምፅ ከፍቼ ሰማሁት። የወንድሜን ሳልሰማ አሳልፌ ነበር፤ ይህን እንደዚያ አላደርገውም ብዬ ነው። መጀመሪያ ላይ የእኔ ሳል አለ፤ ከሩቅ የሰው ለቅሶ ይሰማል። ልቆርጠው አሰብሁና ተውሁት። አባቴ እንዲህ ይላል፦

«እኔ ፈንታ ነኝ፣ የይግዛው አባት። እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሰው እንዳነሳችሁ ነግሮኛል፤ አሁን ደግሞ እሱን አጣችሁ። እኔ እዚህ ብዙ ሰው አለኝ፤ እናንተ ግን ጥቂት ናችሁ። ለመሪዎቻችሁ ንገሯቸው፤ የቀሩትን ይጠብቋቸው። ልጄ ዓርብ አንድ ሞተር ክፍቱን ትቶ ወጥቷል። ሰኞ ዘግቶት እንደ ሆነ ንገሩኝ። ካልዘጋው ዝጉለት፤ ክፍቱን አይደር።»

ላክሁት። ኔትወርኩ ደካማ ስለ ነበር ብዙ ቆየ። ስልኩን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ እስኪሄድ ድረስ እዚያው ቆምሁ።